የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲመጣ እግሩን እዩት፦ ስለ ሴሮቶኒን ሲንድሮም

እሺ፣ ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ግማሾቻችሁ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ኢንተርን ምናምን ናችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ወይ ቤታችሁ የድብርት ወይ የጭንቀት መድሀኒት የሚወስድ ሰው አለ ወይ ራሳችሁ ትወስዳላችሁ፣ ስለዚ አንዳንዴ ለባለሙያዎቹ የሚያሰለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ለሌሎቻችሁ የሚከብድ ነገር ላወራ እችላለሁ፣ ታገሱኝ። ጥያቄ ካላችሁ መሀል ላይ አቋርጡኝ፣ አልቀየምም።

በፈረንጆቹ 1984 ማርች 4 ማታ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 አመት የኮሌጅ ተማሪ ሆስፒታል ትገባለች። ትኩሳት አላት፣ ትቅበጠበጣለች፣ ሰውነቷም እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ፌነልዚን የሚባል የድሮ የድብርት መድሀኒት ትወስድ ነበር። ያዩዋት ጀማሪ ሐኪሞች ቫይረስ ነገር ይሆናል፣ መንቀጥቀጡ ደግሞ የስሜት ነው፣ ሂስቴሪያ ነው ብለው አሰቡ። መንቀጥቀጡን ለማስታገስ ፔቲዲን የሚባል የህመም መድሀኒት ተሰጣት። ፌነልዚንና ፔቲዲን አንድ ሰው ውስጥ መገናኘት እንደሌለባቸው ያኔም በመድሀኒት መፅሀፍ ላይ ያለ ነገር ነበር። ሌሊቱ ሲገፋ ይበልጥ ተረበሸች፣ አልጋው ላይ አሰሯት፣ ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ህመም ማረጋጊያ ተጨመረላት። የምትከታተላት የመጀመሪያ አመት ሐኪም በዛች ሌሊት ወደ 40 የሚጠጉ በሽተኞች ነበሩባት። ሲነጋጋ ሙቀቷ ሲለካ ወደ 42 ዲግሪ ተጠግቷል፣ ልቧ ቆመ፣ ሊመልሷት አልቻሉም።

አባቷ ሲድኒ ዛየን ጋዜጠኛ ነበር፣ ዝም ብሎ የሚቀበልም ሰው አልነበረም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት ሬዚደንት፣ ማለትም በስልጠና ላይ ያለ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰአት፣ በተከታታይ ደግሞ ከ24 ሰአት በላይ እንዳይሰራ ደነገገ፣ በ2003 ደግሞ የ80 ሰአቱ ገደብ መላ አሜሪካን አዳረሰ። ኢንተርኖቹ እየሳቃችሁ ነው፣ ይገባኛል። ፍርድ ቤት ላይ ስለ ኮኬይን ብዙ ክርክር ስለነበር የሞቷ ምክንያት ላይ ሁሉም ሰው አንድ ቃል የለውም፣ ግን ዛሬ ታሪኩን የሚያነብ አብዛኛው ሐኪም ሴሮቶኒን ሲንድሮም ነው የሚለው፣ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በመድሀኒት ምክንያት ሲበዛ የሚመጣው በሽታ ማለት ነው።

ሰው ከዚህ ታሪክ የያዘው የስራ ሰአቱን ነው፣ ትክክልም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላው ነው፣ ልጅቷ የመጣችው እየተንቀጠቀጠች ነው፣ ለመንቀጥቀጡ የተሰጣት መድሀኒት ራሱ መንቀጥቀጡን የሚያብስ ነበር፣ ሲብስባት ደግሞ እንደ ረባሽ ታየችና ታሰረች። ይሄ ነገር ዛሬም፣ እዚሁ እኛ ጋር፣ በትንሽ በትንሹ የሚደገም ነው። ለዛ ነው የመጣሁት።

ሴሮቶኒንን ከቲክቶክ ታውቁታላችሁ፣ የደስታ ሆርሞን ይሉታል፣ ይሁን። አብዛኛው፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው ትንሽ ነው ግን ስራው ብዙ ነው፣ እንቅልፍ፣ ስሜት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ትውከት፣ የጡንቻ ውጥረት ሁሉ ውስጥ እጁ አለበት። ነርቩ ይለቀዋል፣ ስራውን ሲጨርስ ወይ ተመልሶ ይሳባል ወይ ኤምኤኦ በሚባል ኢንዛይም ይሰባበራል። ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉት የድብርት መድሀኒቶች ተመልሶ እንዳይሳብ ያደርጋሉ። ፌነልዚን አይነቶቹ መሰባበሩን ያቆማሉ። ትራማዶልም ፔቲዲንም ተመልሶ መሳቡን ይነካሉ፣ የህመም መድሀኒት ስለሆኑ ብቻ ማንም አይጠረጥራቸውም። አንዱ መንገድ ብቻ ሲዘጋ ሰውነት ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ሁለቱም ሲዘጉ ወይ ሁለት መድሀኒት ሲደራረብ ነው ጉዱ የሚመጣው።

ሴሮቶኒን ሲንድሮም አለርጂ አይደለም። ይሄን አስምሩበት። የመጠን ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ሲበዛ ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ ሰውየው ሆዴን ቆርጦኝ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ በጣም ሲበዛ ደግሞ ሰውን በአንድ ሌሊት ይገድላል፣ መሀል ላይ ያለው ሁሉ ያው አንድ በሽታ ነው። ቀላሉን ስለማናውቀው ነው ከባዱን ድንገት ሰማይ ወረደ የምንለው።

እሺ ምን ይመስላል። ሰውየው ይቅበጠበጣል፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ሲብስ ይቃዣል። ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የአይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ሆዱ ይጮሀል፣ ይተኩሳል። ሶስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ጡንቻው ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ ሪፍሌክስ (ጅማቱ ሲመታ ጡንቻው በራሱ የሚዘልበት) ከልክ በላይ መፍጠን፣ ክሎነስ፣ ከዛ መገተር። እነዚህ ሁሉ ከእጅ ይልቅ እግር ላይ ይብሳሉ። ጊዜው ደግሞ ፈጣን ነው፣ መድሀኒት ከተጨመረ ወይ ዶዝ ከፍ ካለ በኋላ ከግማሽ በላዩ ሰው በ6 ሰአት ውስጥ ነው የሚታመመው፣ አብዛኛው በ24 ሰአት ውስጥ። ከትናንት ወዲያ ደህና የነበረ ሰው ዛሬ እንዲህ ከሆነ ትናንት ምን እንደዋጠ ነው መጠየቅ ያለበት።

ክሎነስ ምንድነው ያልሽኝ እህቴ፣ ቆይ ላሳይ፣ አንድ ሰው ይምጣልኝ፣ አመሰግናለሁ። ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ በአንድ እጅ ትደግፋላችሁ፣ በሌላው እጅ የእግሩን መዳፍ ይዛችሁ ድንገት ወደ ላይ፣ ወደ ቅልጥሙ ትገፉና እዛው ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ጤነኛ ሰው ላይ እንዳያችሁት ምንም የለም። ክሎነስ ያለበት ሰው ላይ እግሩ ራሱን ችሎ እንደ ሲንጀር መርገጫ ላይ ታች ላይ ታች ይላል፣ እስከያዛችሁት ድረስ አያቆምም። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። አንዳንዱ ላይ ሳትነኩት ራሱ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ላይ አይኑ ላይ ታዩታላችሁ፣ ብሌኑ ወደ ጎን ወደ ጎን ይመላለሳል። የጉልበት ሪፍሌክስ ለመምታት መዶሻ ከሌላችሁ የስቴቶስኮፑ ጠርዝ ይበቃል፣ የመዶሻ እጥረት ምክንያት አይሆንም።

አውስትራሊያ ኒውካስል ያሉ የመርዝ ህክምና ሰዎች በ2003 ሃንተር የሚባለውን መስፈርት አወጡ፣ እስካሁን የተሻለ የለም። መጀመሪያ ሰውየው ሴሮቶኒን የሚነካ መድሀኒት መውሰድ አለበት። ከዛ ክሎነሱ በራሱ ከመጣ በቃ፣ ሌላ አያስፈልግም። ስትገፉት ብቻ ከመጣ ወይም አይን ላይ ከሆነ መቅበጥበጥ ወይም ላብ ይጨመርበት። መንቀጥቀጥና የፈጠነ ሪፍሌክስ አብረው ካሉም ይበቃል። ጡንቻው ተገትሮ፣ ሙቀቱ ከ38 አልፎ፣ የአይን ወይም የተገፋ ክሎነስ ካለም እንደዛው። ከመርዝ ህክምና ባለሙያ ምርመራ ጋር ሲያወዳድሩት ካለባቸው ሰዎች 84 በመቶውን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 97 በመቶውን ነፃ ይላል። ላብራቶሪ የት አለ ትሉኛላችሁ፣ የለም። የደም ሴሮቶኒን መለካት ለዚህ አይረባም። ፖታሲየም፣ ኩላሊት፣ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይም ምርመራ የምንልከው ጡንቻው ተጎድቶ እንደሆነ ለማወቅ ነው እንጂ በሽታውን ለማግኘት አይደለም። ይሄ ባንድ በኩል ለእኛ አገር ጥሩ ነገር ነው፣ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ከትልቁ ሆስፒታል እኩል ልትደርስበት ትችላለች፣ እጅና ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ እኛው ቤት። እየተንቀጠቀጠ፣ እያላበው፣ እየተኮሰው የመጣ ሰው እኛ ጋር ምን ይባላል? ሰፈር ውስጥ ከሆነ ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ክሊኒክ ከደረሰ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሀል ይባላል፣ ምክንያቱም ያ ምርመራ ግማሹ ህዝብ ላይ የሆነ ነገር ያገኛል (ይሄ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም)። ወባ ካለበት አካባቢ ከመጣ የወባ ደም ይታይለት፣ አንገቱም ይታይ፣ ማጅራት ገትርን ሳያስቡ ማለፍ አይቻልም። ይሄን ሁሉ አድርጉ። ግን እየሰራችሁ እግሩንም ግፉት፣ ሰላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

በጣም የምፈራው ግን የአእምሮ ህመም ካርድ ያለው ሰው ሲመጣ ነው። ያ ሰው ሲቅበጠበጥ ቤተሰቡም እኛም አንድ አፍ ሆነን "ተነሳበት" እንላለን። ይሄን ቃል ጠርጥሩት፣ ከተባለ በኋላ ማንም ሙቀት አይለካም። ከዛ ክሎርፕሮማዚን ወይ ሃሎፔሪዶል ይወጋል፣ አልረጋም ካለ ይታሰራል፣ ገጠር ከሆነ በገመድ፣ ሆስፒታል ከሆነ በፋሻ። የታሰረ ሰው ደግሞ ይታገላል፣ ገመዱን የሚታገለው ጡንቻ ሙቀት ያመርታል፣ ላክቲክ አሲድ ያመርታል፣ ይሄ በሽታ የሚገድለው ደግሞ በሙቀቱ ስለሆነ እኛው እሳቱ ላይ እንጨት ጨመርን ማለት ነው። ሃሎፔሪዶልም አይጠቅምም፣ የራሱን ሌላ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል፣ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም የሚባለውን። እነዚህን ሁለቱን ሰው ያምታታቸዋል፣ ያኛው በቀናት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሰውየው እንደ ብረት ይገተራል፣ ሪፍሌክሱ ይዘገያል፣ ይሄኛው በሰአታት ይመጣል፣ ሪፍሌክሱ ይዘላል፣ አንጀቱ ይጮሀል። ቆዳው ደርቆ፣ ሆዱ ፀጥ ብሎ፣ ብሌኑ ሰፍቶ ከመጣ ደግሞ የአትሮፒን አይነት መርዝ አስቡ፣ አስተናግር የበላ ሰው ማለት ነው። ላብ አለ ወይስ የለም? ይቺ ብቻ ብዙ ትለያለች።

መድሀኒቶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፋርማሲስቶች ጆሯችሁን ስጡኝ። ትራማዶል። ጀርባውን ያመመው፣ ጥርሱን ያስነቀለው፣ ማን ያልዋጠው አለ፣ ወጣቱ ደግሞ ለሌላ ነገር ይውጠዋል። ፍሎክሰቲን የሚወስድ ሰው ትራማዶል ሲጨምርበት ሁለት ነገር ባንዴ ይሆናል፣ ሴሮቶኒኑ ይደራረባል፣ ከዛ ደግሞ ትራማዶልን ጉበት ውስጥ ወደ ዋናው ህመም ማስታገሻ የሚቀይረውን ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ፍሎክሰቲን ይዘጋዋል። ስለዚ ሰውየው ህመሙ አይለቀውም፣ ያልተቀየረው ትራማዶል ደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ አልሰራም ብሎ ደግሞ ሌላ ፍሬ ይጨምራል። በነገራችን ላይ ይሄ ኢንዛይም እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ልዩ ነው፣ በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የጂኑ ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አግኝቷል፣ ከአውሮፓውያን በብዙ ይበልጣል፣ ትርፍ ቅጂ ላላቸው ትራማዶልና ኮዴይን በፍጥነት ወደ ሀይለኛው ይቀየራል ማለት ነው። የፈረንጅ ዶዝ ሁሌ የእኛ ዶዝ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ኦፕሬሽን ክፍል ነው። በሲ-ሴክሽን የምትወልድ እናት ወገቧ ላይ ስትወጋ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እዚህ አገር ለዛ የሚሰጠው ወይ ፔቲዲን ወይ ትራማዶል ነው፣ የእኛ አኔስቴዢያ ባለሙያዎች ራሳቸው ብዙ ጥናት ሰርተውበታል፣ ለአብዛኛዋ እናት ጥሩ ይሰራል። ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን እናቲቱ ለድብርት ሰርትራሊን ላይ ከነበረች፣ ያ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ የሚሰጥ ነገር ነው፣ ከመስጠታችሁ በፊት ቻርቱ ላይ አለ ወይ? ብዙ ጊዜ የለም፣ ምክንያቱም የድብርት መድሀኒት እወስዳለሁ ብላ አማቷ ፊት አትናገርም። ለብቻዋ ጠይቋት። በድምፅ ዝቅ ብላችሁ ጠይቋት። ህመም ከሆነ ጉዳዩ ሞርፊን ከዚህ አንፃር የተሻለ ነው።

ሶስተኛው ሊኔዞሊድ። አንቲባዮቲክ ነው፣ ግን ኤምኤኦን በመጠኑ ይዘጋል። ታሪኩ ደስ ይለኛል፣ በ1952 ኒው ዮርክ ስታተን አይላንድ ሲ ቪው ሆስፒታል ኢፕሮኒያዚድ የሚባል የቲቢ መድሀኒት ሲሞክሩ የሳንባ በሽተኞቹ ድብርታቸው ለቀቃቸው፣ ኤምኤኦን የሚዘጋ የመጀመሪያው የድብርት መድሀኒት የመጣው በዛ ነው። አሁን ደግሞ በ2022 የአለም ጤና ድርጅት መድሀኒት ለተላመደ ቲቢ ያወጣው የ6 ወር ህክምና ውስጥ ሊኔዞሊድ አለ። ያ ህመምተኛ ደግሞ ድብርት ይይዘዋል፣ ለምን አይይዘው፣ ስራውን አጥቶ፣ ሰው ሸሽቶት። ፍሎክሰቲን ሊታዘዝለት ይችላል። እዚህ ጋ ሚዛን ያስፈልጋል፣ ሁለቱን አብረው የወሰዱ ሰዎች ላይ የተሰሩ ጥናቶች ይሄ ችግር የሚመጣው ጥቂቶቹ ላይ ብቻ እንደሆነ ነው የሚያሳዩት፣ ስለዚ ቲቢውን አታቋርጡ፣ ድብርቱንም ሳይታከም አትተዉት፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተከታተሉት፣ እግሩንም ግፉት።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ ሊቲየም፣ ፌንታኒል፣ ሜቲሊን ብሉ፣ ኤክስታሲ የሚባለው ክኒን፣ ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጡት "ከእፅዋት ብቻ የተሰራ" የሚል የተፃፈባቸው የስሜት ክኒኖች፣ በተለይ ሴንት ጆንስ ዎርት። አሜሪካ ያለች እህት ለእናቷ ልካው እናትየው ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ስትውጠው ማንም አያውቅም።

ህክምናው። የመጀመሪያው ማቆም ነው። መድሀኒቱን ሁሉ፣ የተጠረጠረውን ሁሉ። ቀላል ከሆነ በማቆምና በመከታተል ብቻ አብዛኛው በ24 ሰአት ውስጥ ይሻለዋል፣ ፍሎክሰቲን ከሆነ ግን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ሊቆይ ይችላል። መካከለኛ ከሆነ ፈሳሽ በደም ስር፣ ኦክስጅን ካስፈለገ፣ እና ዲያዜፓም፣ 5 ወይ 10 ሚሊግራም በደም ስር ቀስ ተብሎ፣ እየታየ እየተደገመ። ዲያዜፓሙ ለማስተኛት ብቻ አይደለም፣ ጡንቻውን ያላላል፣ ሙቀቱን ያወርዳል፣ የልቡን ምት ያረጋጋል፣ ማሰሪያውን ይተካል። ይሄ ዲያዜፓም ሁሉም ቦታ አለ፣ ለዛ ነው ደጋግሜ የማወራው።

ፓራሲታሞል አይሰራም፣ አትድከሙ። ኢንፌክሽን ሲሆን አንጎል ራሱ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ፓራሲታሞል እሱን ያወርዳል። እዚህ ግን ሙቀቱ የሚመጣው ከጡንቻ ነው፣ ስለዚ ልብስ ማውለቅ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ማራገቢያ፣ በረዶ ከተገኘ በረዶ። ወገኖቼ ብርድ ይመታዋል ብላችሁ ጋቢ አትደራርቡበት።

ማርከሻ የሚባለው ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። አዎ እሱ፣ ሰው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያወፍራል ብሎ የሚገዛው። የሴሮቶኒንን መቀበያ ይዘጋል። መጀመሪያ 12 ሚሊግራም፣ ከዛ ምልክቱ ካልለቀቀ በየ2 ሰአቱ 2 ሚሊግራም፣ በቀን ከ32 ሳያልፍ። በመርፌ የለም፣ መዋጥ ካልቻለ ተፈጭቶ በአፍንጫ ቱቦ። በደንብ የተሰራ ትልቅ ሙከራ የለውም፣ ማስረጃው አብዛኛው የግለሰብ ኬዞች ነው፣ እኔ ካለ እሰጠዋለሁ ከሌለ ግን ዲያዜፓሙና ማቀዝቀዙ ሰውየውን እንደሚያድኑት አልጠራጠርም።

ሙቀቱ ከ41 ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው። በዛ ጊዜ ጡንቻውን ሙሉ በሙሉ ማቆም ነው፣ በቬኩሮኒየም አይነት፣ አየር ቱቦ አስገብቶ በማሽን ማስተንፈስ። ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው ሌላው የጡንቻ ማቆሚያ ግን ይቅር፣ የተጎዳ ጡንቻ ፖታሲየም እየለቀቀ ስለሆነ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ፅኑ ህሙማን ክፍል የሌላችሁ ሪፈር አታዘግዩ፣ ግን አምቡላንሱ እስኪመጣም እያቀዘቀዛችሁ ጠብቁ፣ መንገድ ላይም ማቀዝቀዙ አይቁም። ለደም ግፊቱ ፕሮፕራኖሎል አትስጡ፣ ቆይታው ረጅም ስለሆነ ግፊቱ ድንገት ሲወርድ መመለስ ያቅታችኋል።

ጥያቄ፣ እሺ። አዎ ወንድሜ፣ "እኔ ሰርትራሊን እወስዳለሁ፣ ይሄን ሰምቼ ልተወው?" ብለሀል። በጭራሽ። በታዘዘልህ መጠን ለብቻው የምትወስድ ከሆነ ይሄ ከባዱ ነገር ይደርስብሀል ብዬ አልጠብቅም፣ በድንገት ማቆም ደግሞ ራሱ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፣ ድብርቱም ይመለሳል። ማድረግ ያለብህ የመድሀኒትህን ስም ስልክህ ላይ ፅፈህ መያዝና ህመም ማስታገሻ፣ የሳል ሽሮፕ ስትገዛ ማሳየት ነው።

ሲስተር፣ አንቺ የጠየቅሽው ከዳነ በኋላ መድሀኒቱን መቼ ይጀምር ነው። ቢያንስ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዛ መጀመሪያ የሚታየው ድብርቱ አሁንም መድሀኒት ይፈልጋል ወይ የሚለው ነው፣ ከፈለገ አንድ ብቻ፣ በትንሽ ዶዝ፣ ያጣላውን ሁለተኛውን ትታችሁ። ከፍሎክሰቲን ኤምኤኦን ወደሚዘጉት፣ ወደ ፌነልዚን አይነቶቹ የሚቀየር ሰው ካለ 5 ሳምንት ይጠብቃል፣ ከሌሎቹ ባብዛኛው 2 ሳምንት፣ ከእነዚህ ወደ ሌሎቹ ሲቀየርም 2 ሳምንት። ካርዱ ላይ ደግሞ "የመድሀኒት አለርጂ" ብላችሁ አትፃፉ፣ የትኛው መድሀኒት ከየትኛው ጋር በስንት ዶዝ እንደሆነ ፃፉ፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ሐኪም ሰርትራሊኑን ከልክሎ ትራማዶሉን ያዝለታል።